ርካሽ ጉዝጓዝ እንቁላል ያስከፍላል

«ጉዝጓዝ» ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን የበዓል ቄጠማ፣ የረከቦቱ ዙሪያና የዕጣኑ ጢስ ነው። ዶሮ ለሚያረባ ሰው ግን ጉዝጓዝ ሌላ ነገር ነው። በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚሸጥ፣ በአህያ፣ በጋሪና በአይሱዙ የሚጓጓዝ፣ ከአውድማ ሰሞን በኋላ የሚረክስ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ተፈልጎ የሚገኝ ሸቀጥ ነው። ስለ መኖ ዋጋ የማያማርር ዶሮ አርቢ የለም። የጉዝጓዙን ሒሳብ በደብተር የሚይዝ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ሳምንት የገበያ ገጻችን በዚሁ በተረሳው ሸቀጥ ላይ ያተኩራል።

ጉዳዩ ዛሬ የትልልቅ እርባታዎች ብቻ አይደለም። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር እንቁላልና ዶሮን ከዋና ዋና ዘርፎቹ መካከል ካደረጋቸው ወዲህ በየከተማው በጓሮአቸው ሃምሳም መቶም ዶሮ የያዙ ቤተሰቦችን ማየት የተለመደ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ቄቡን ሲገዙ ዝርያ ይጠይቃሉ። መኖውን ሲገዙ ፋብሪካ ያማርጣሉ። ወለሉ ላይ የሚነሰንሱትን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጥላቸው ቅርበቱ ነው። አናጺ ጎረቤት ያለው ሰጋቱራ፣ የከብት መኖ ሻጭ የሚቀርበው ጭድ ይዞ ይገባል። ዋጋው ሲጠየቅም «በማዳበሪያ ስንት?» ከሚለው አያልፍም።

ይህ አገዛዝ ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛ፣ የወለሉ ጉዝጓዝና የእንቁላል መጣያ ሳጥኑ ጉዝጓዝ ሥራቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ እንደ አንድ ዕቃ ይገዛሉ። ሁለተኛ፣ የማዳበሪያው ዋጋ ይታያል እንጂ ማዳበሪያው ስንት ሳምንት እንደሚያገለግል አይታይም። ሁለቱም ስሕተቶች ዞረው የሚከፈሉት በእንቁላል ነው።

በወር አንድ በርሜል ውኃ

ጉዝጓዝ ለምን እንደሚገዛ ለመረዳት ከዶሮዋ መጀመር ይሻላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን በአማካይ ከ100 እስከ 120 ግራም እርጥብ ኩስ ትጥላለች። ከዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛው ገደማ ውኃ ነው። መቶ ዶሮ ያለው ሰው ወለሉ ላይ በየቀኑ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ኩስ፣ በውስጡም 8 ሊትር ያህል ውኃ ይፈስበታል ማለት ነው። በወር ሲደመር ከ200 ሊትር ይበልጣል። ይህም አንድ በርሜል ሙሉ ውኃ መሆኑ ነው። ከመጠጫ ዕቃው የሚንጠባጠበው በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም።

ይህን ሁሉ ውኃ መጥቶ የሚያስቀምጥ ጉዝጓዝ የለም። ጉዝጓዝ ጎተራ ሳይሆን መተላለፊያ ነው። እርጥበቱን ከኩሱ ላይ ይቀበላል፤ ዶሮዎቹ ሲጭሩት ይገላበጣል፤ ከዚያም እርጥበቱን ለአየር ይለቅቃል፤ አየሩ ደግሞ በመስኮትና በጣሪያ ሥር ክፍተት ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ጉዝጓዝ ቶሎ የሚጠጣ ብቻ ሳይሆን የጠጣውን ቶሎ የሚለቅቅም ነው። መስኮቱ በላስቲክ በተደፈነ ቤት ውስጥ የትኛውም ውድ ጉዝጓዝ በሁለት ሳምንት ጭቃ ይሆናል።

ጭቃ ሲሆን የሚመጣው ጣጣ ብዙ ነው። እርጥብ ኩስ አሞኒያ ይተፋል። ቤቱ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። ሽታው ለሰው አፍንጫ በግልጽ ከተሰማ የዶሮዎቹን ዓይንና የመተንፈሻ አካል መጉዳት ጀምሯል ብሎ መያዝ ይገባል። ደም ያለበት ተቅማጥ የሚያስከትለው የኮክሲዲያ ተውሳክ ከኩስ ጋር ከወጣ በኋላ ሌላ ዶሮ ለመልከፍ የሚበቃው እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ነው። በደረቅ ወለል ላይ ይህ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። የእግር መዳፍ ቁስልም ከዚሁ ከተጋገረ ወለል ይነሣል። በአጭሩ፣ ለጉዝጓዝ ያልወጣ ብር ለመድኃኒት መውጣቱ አይቀርም።

ወለሉ ደርቋል ወይስ አልደረቀም የሚለውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ጉዝጓዝ ጨብጦ መልቀቅ ነው። እንደ ድፍን ኳስ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል። ጭራሽ ሳይያያዝ አቧራ ብቻ ከሆነ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ እሱም ለመተንፈሻ አካል አይስማማም። ለአፍታ ተያይዞ ቆይቶ ከፈረሰ ልክ ነው።

ገበያው ላይ ያለው

የእንጨት ፍቅፋቂ፦ ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ለወለል ከሚሆኑት ሁሉ በብዙ አርቢዎች ዘንድ ተመራጭ ነው። ጥቅልሉ በመካከሉ አየር ስለሚያስገባ ቶሎ ይደርቃል፤ ለመጫርም ይመቻል። ችግሩ አቅርቦቱ የተመካው በዕቃ ቤቶች ሥራ ላይ መሆኑ ነው። የእንጨት ሥራው ሲቀዘቅዝ ፍቅፋቂውም ይጠፋል። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ «ከምን እንጨት ወጣ?» የሚል ነው። ከንጹሕ ጣውላ የወጣ ከሆነ መልካም። ዛሬ ግን በየዕቃ ቤቱ የሚቆረጠው ብዙው ኤምዲኤፍና ቺፑድ ነው። ከእነዚህ የሚወጣው ሙጫ ያለበት ደቃቅ ብናኝ ለዶሮ ቤት አይሆንም። ቀለምና ቫርኒሽ የነካው፣ በኬሚካል ከተነከረ ምሰሶ የወጣውም እንዲሁ። የሐበሻ ጥድ ፍቅፋቂ ሽታው ለሰው ደስ ቢልም በተዘጋ የጫጩት ቤት ውስጥ ኃይለኛ ሽታ ያለው እንጨት ባይነሰነስ ይመረጣል።

ሰጋቱራ፦ ከመጋዝ ሥር የሚወጣው ደቃቁ ሰጋቱራ ከፍቅፋቂው ይረክሳል፤ ውኃም ቶሎ ይጠጣል። ነገር ግን ሲረጥብ ይጋገራል፤ ሲደርቅ ይቦናል። ከሁሉ በላይ ገና መኖ መለየት ያልቻሉ ጫጩቶች እንደ መኖ ስለሚለቅሙት አንጀታቸው ሊደፈን ይችላል። ለትልልቅ ዶሮዎች ከፍቅፋቂ ጋር ተቀላቅሎ ቢሆን ያገለግላል። ለጫጩት ለብቻው መነስነሱ ግን አይመከርም።

የጤፍ ጭድ፦ በመሀል አገር በቀላሉ የሚገኘው ይኸው ነው። ለስላሳ፣ ቀጭንና ንጹሕ ነው። ይሁን እንጂ ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ጠባዩን ያውቀዋል። ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ የሚያያዘው ቀጭንና ተጣጣፊ ስለሆነ ነው። በዶሮ ቤት ወለል ላይ ከእርጥብ ኩስ ጋር ሲገናኝ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ይለሰናል። በበጋ፣ ነፋስ በሚገባበት ቤት፣ በየሁለት ቀኑ በመንሽ እየተገላበጠ ያገለግላል። በክረምት ግን ቶሎ ይሸነፋል። ዋናው ቦታው ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የስንዴና የገብስ ገለባ፦ አገዳው ክፍትና ልሙጥ በመሆኑ ሳይቆረጥ ከተነሰነሰ ውኃው ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጠጣም። ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ሲነሰነስ ግን ይሻሻላል። ረጅሙን እንዳለ መዘርጋት ሌላም አደጋ አለው። ዶሮ ረጅም ሰበዝ ስትውጥ በእንጥሏ ተጠቅልሎ ሊቀር ይችላል።

የቡና ገለፈት፦ ጀንፈል ቡና በሚፈለፈልባቸው አካባቢዎች በገፍ ይገኛል። ቀላል ነው፤ ለመጫርም ይመቻል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል። ገለፈቱ ካፌይንና ታኒን ስላለው ዶሮዎች አብዝተው ቢለቅሙት አይስማማቸውም። ከመፈልፈያው ውጭ ዝናብ ሲመታው ከርሞ ከሆነ ደግሞ ሻጋታ ይይዛል። ከማሽኑ ሥር በቅርቡ የወጣውን ደረቁን መውሰድ ነው።

የሩዝ ገለፈት፦ በፎገራ ሜዳ፣ በወረታና በአካባቢዋ ሩዝ ፈልፋዮች ደጃፍ ክምሩ ተራራ ያክላል። አይጋገርም፤ አየር ያስገባል፤ ለብዙ ጊዜም ይቆያል። የሚጠጣው ውኃ ግን ከፍቅፋቂ ያነሰ ነው። ለባሕር ዳርና ለጎንደር አካባቢ አርቢ ይህ ቅርብ ዕቃ ነው። ለአዲስ አበባ ገዢ ግን ቀላል ዕቃ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ የመኪናው ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ይበልጥበታል።

የኦቾሎኒ ልጣጭና የበቆሎ ቆረቆንዳ፦ በባቢሌና በምሥራቁ በኩል ያለ ሰው ልጣጩን፣ በቆሎ አምራች አካባቢ ያለ ደግሞ የተፈጨውን ቆረቆንዳ መጠቀም ይችላል። ሁለቱም ውኃ ይጠጣሉ፤ ሁለቱም ሲረጥቡ ቶሎ ይሻግታሉ። የሻገተ ጉዝጓዝ በነጻ ቢሰጥም አይወሰድም። የሻጋታው ብናኝ የጫጩቶችን ሳንባ ያሳምማል፤ ቤቱን ለሚጠርገው ሰውም ደግ አይደለም።

አሸዋ፦ በቆላና በደረቅ አካባቢ ጥሩ ነው። ኩሱ ላዩ ላይ ይደርቅና በሬክ ይለቀማል። በደጋ ሌሊት ግን ብርድ ስለሚይዝ ለጫጩት አይመችም። ክብደቱም የማጓጓዣውን ወጪ ያንረዋል።

ጋዜጣ፦ ይህን ገጽ ጨምሮ ማለት ነው። አንባቢ አንብቦ ሲጨርስ ለዶሮ ቤት ሊያውለው ቢያስብ ቅር አንሰኝም። ሆኖም እንዳለ ተዘርግቶ አይሁን። ልሙጥ ወረቀት ላይ የቆሙ ጫጩቶች እግራቸው እየተንሸራተተ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል። በቀጭኑ ተቀዳዶ ከፍቅፋቂ ጋር ቢቀላቀል ግን ይሠራል።

የማዳበሪያው ስሌት

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። የጉዝጓዝ ዋጋ ከሰፈር ሰፈር፣ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ እዚህ የምናቀርበው ዋጋውን ሳይሆን ስሌቱን ነው። አንባቢ የሰፈሩን ዋጋ ተክቶ ይሥራበት።

መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮ ያላቸው አንዲት እመቤት እንውሰድ። ለአንድ ካሬ ሜትር አምስት ዶሮ ቢይዙ ቤታቸው 20 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጉዝጓዙን 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመነስነስ 2 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 2,000 ሊትር ያስፈልጋቸዋል። አንድ ኩንታል እህል የሚይዘው ማዳበሪያ በግምት 125 ሊትር ስለሚወስድ ልል ሆኖ ከተሞላ 16 ማዳበሪያ መሆኑ ነው። ባለ 50 ኪሎው ማዳበሪያ ከሆነ ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል።

ለስሌት እንዲመች የአንዱ ማዳበሪያ ጭድ ዋጋ አንድ እጅ፣ የፍቅፋቂው ሁለት እጅ ነው እንበል። ማጓጓዣው ለሁለቱም በማዳበሪያ ግማሽ እጅ ይሁን። እመቤቲቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ላሉት አራት የዝናብ ወራት ይገዛሉ። ጭዱ በክረምት ቶሎ እየተጋገረ በየስድስት ሳምንቱ ቢቀየር ሦስት ጊዜ ማስገባት አለባቸው። ይህም 48 ማዳበሪያ ነው። ዋጋው 48 እጅ፣ ማጓጓዣው 24 እጅ፣ ድምሩ 72 እጅ ይሆናል። ፍቅፋቂው አንድ ጊዜ 16 ማዳበሪያ ገብቶ በመካከሉ 4 ማዳበሪያ ቢጨመርበት በጠቅላላው 20 ማዳበሪያ ነው። ዋጋው 40 እጅ፣ ማጓጓዣው 10 እጅ፣ ድምሩ 50 እጅ ይሆናል። በማዳበሪያ እጥፍ ዋጋ የተጠየቀበት ዕቃ በወቅቱ መጨረሻ ረክሶ ተገኘ። ሦስት ጊዜ ቤቱን ዝቆ ለሚያወጣው ሰው የሚከፈለው የጉልበት ዋጋ በዚህ ውስጥ የለም።

ሒሳቡ ግን ወደ ሌላም ወገን ይገላበጣል። ወቅቱ በጋ ቢሆንና ጭዱ ሁለት ወር ቢቆይ፣ በአራት ወር የሚያስፈልገው 32 ማዳበሪያ ብቻ ነው። ከነማጓጓዣው 48 እጅ ይመጣል። ከፍቅፋቂው 50 እጅ ጋር ተቀራረበ ማለት ነው። ስለዚህ «ጭድ መጥፎ፣ ፍቅፋቂ ጥሩ» ብሎ መደምደም አይገባም። ትክክለኛው ጥያቄ «ይህ ማዳበሪያ በዚህ ወቅት፣ በእኔ ቤት ውስጥ ስንት ሳምንት ይቆይልኛል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሻጩ ሳይሆን የገዢው ደብተር ነው። ጉዝጓዙ የገባበትን ቀንና የወጣበትን ቀን መጻፍ ብቻ ይበቃል።

ሳጥኑ ላይ አይቆጠብም

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ወለሉ ነው። ገንዘብ የሚያመጣው እንቁላል የሚወድቀው ግን ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ የመጣያ ሳጥን ይበቃል። ስለዚህ የእመቤቲቱ መቶ ዶሮዎች 20 ሳጥን ይፈልጋሉ። የአንዱ ሳጥን ወለል 30 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ የጉዝጓዙ ውፍረት 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንዱ የሚገባው 6 ሊትር ከሩብ ገደማ ነው። ሃያው ሲደመር 126 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ለወለሉ 16 ማዳበሪያ ሲያስፈልግ ለሳጥኖቹ በሙሉ የሚያስፈልገው አንድ ማዳበሪያ ነው! በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር እንኳ በወር ከሁለት ማዳበሪያ አይበልጥም።

ብዙ አርቢ የሚቆጥበው ግን እዚሁ ላይ ነው። ከወለሉ የተረፈውን ሰጋቱራ ሳጥኑ ውስጥ ይረጫል፤ ወይም አንድ ጊዜ የገባውን ጭድ እስኪጠቁር ድረስ ይተወዋል። ውጤቱን እንመልከት። ከመቶ ዶሮ በቀን 80 እንቁላል ይሰበሰባል እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 8ቱ ኩስ ቢነካቸው ወይም ቢሰነጠቁ በወር 240 እንቁላል፣ ማለትም ባለ 30ው ትሪ 8 ትሪ፣ ከሙሉ ዋጋው ይጎድላል። ባለ ሱቁ የቆሸሸውን መርጦ ይመልሳል፤ ኬክ ቤቱ አይቀበልም፤ ቤተሰቡም ሁሉን በልቶ አይጨርሰውም። የስምንት ትሪ እንቁላል ኪሳራና የሁለት ማዳበሪያ ጭድ ዋጋ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ አንባቢ ያስላው።

የጤፍ ጭድ ዋናው ቦታ እንግዲህ ይህ ነው። በወለል ላይ ያስወቀሰው ልስላሴው ሳጥን ውስጥ ያስመሰግነዋል። እንቁላሉን አቅፎ ይይዛል፤ ዶሮዋም በደረቷ እየገፋች ጎድጓዳ ታበጅበታለች። ንጹሕ የፍቅፋቂ ጥቅልልም ይሆናል። እርጥብ ሣር ግን አይሆንም፤ ሲታፈን ይሞቃል፤ ይሻግታልም። ሰጋቱራም አይመረጥም፤ እርጥብ ሆኖ በሚወጣው እንቁላል ላይ ይለጠፋል።

ጥሩ ጉዝጓዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ሳጥኑ ከመሬት ከፍ ያለና ጨለም ያለ ይሁን። የመስፈሪያው እንጨት ከሳጥኑ በላይ ይሁን፤ ዶሮ ለማደሪያዋ ከፍ ያለውን ቦታ ስለምትመርጥ ሳጥኑ ከፍ ካለ እዚያው አድራ ኩሷን ትጥልበታለች። ሳጥኑ ቄቦቹ መጣል ከመጀመራቸው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቀድሞ ተጎዝጉዞ ይጠብቃቸው። ወለል ላይ መጣል የለመደች ዶሮ ልማዷን ማስተው ይከብዳል። ከሳጥኑ ፊት ያለው ወለል ደረቅ ከሆነ ደግሞ ዶሮዋ እግሯን ጠርጋ ትገባለች። የወለሉና የሳጥኑ ጉዝጓዝ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ክረምትና ጾም ሲገናኙ

የእንቁላል ገበያ በጾም እንደሚቀዘቅዝ ነጋዴው ሁሉ ያውቀዋል። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ረጅሙ ቢሆንም በአብዛኛው በደረቁ ወቅት ስለሚውል የጉዝጓዝ ችግር አይጨመርበትም። አስቸጋሪው ክረምቱ ነው። የሰኔው የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይዘልቃል። ከነሐሴ 1 ደግሞ የፍልሰታ ጾም ይገባል። ዝናቡ በሚበረታበት፣ ወለሉ በሚረጥብበት፣ እንቁላሉ በሚቆሽሽበት ሰሞን ገዢውም ይቀንሳል። እንቁላሉ ከወትሮው ረዘም ላለ ቀን መቀመጥ ይኖርበታል ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የቆሸሸውን እንቁላል አጥቦ ለማስቀመጥ የሚሞክር አለ። ይህ ስሕተቱን ያብሰዋል። የእንቁላል ቅርፊት በሺዎች የሚቆጠሩ ለዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ዶሮዋ ስትጥል በላዩ የምትተወው ስስ ሽፋን እነዚህን ቀዳዳዎች ይከልላል። እጥበት ሽፋኑን ያነሣዋል። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ የእንቁላሉ ውስጥ ሲኮማተር በላዩ ያለውን ቆሻሻ በቀዳዳዎቹ ወደ ውስጥ ይስባል። የታጠበ እንቁላል ያምራል እንጂ አይቆይም። ጥቂት የነካውን በደረቅ ሸካራ ጨርቅ ማበስ ይቻላል። የባሰበትን ለይቶ ቶሎ መጠቀም ነው። ዋናው መፍትሔ ግን መጀመሪያውኑ እንዳይቆሽሽ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መሰብሰብና ሳጥኑን በንጹሕ ጭድ መያዝ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የዘመን መለወጫ ገበያ ይመጣል። ለዶሮ ወጡ ሥጋውም እንቁላሉም የሚፈለግበት ቀን ነው። ለዚያ ቀን የሚደርሱት ዶሮዎች ሐምሌንና ነሐሴን ያሳለፉት በዚያው ጉዝጓዝ ላይ ነው። እግሩ የቆሰለ፣ ላባው በኩስ የተለወሰ ዶሮ ገበያ ላይ ሲወጣ ገዢ እያገላበጠ ያልፈዋል።

ሲገዙ የሚታይ፣ ሲነሰንሱ የሚጠበቅ

ገዢው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት የሚከተሉትን ቢያይ አይጎዳም። አንደኛ፣ ማዳበሪያውን ከአፉ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ይይ። እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ከመካከሉ ያውጣ። ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከታች ተደርጎ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ ያሽትት። የሻጋታ፣ የቀለም ወይም የሙጫ ሽታ ካለው ይተወው። ሦስተኛ፣ የተረገጠ ነው ልል ብሎ ይጠይቅ። ተረግጦ የተሞላ ማዳበሪያ ሲዘረገፍ ከልሉ ብዙ ይበልጣል። አራተኛ፣ ምስማርና ሽቦ ይፈልግ፤ ዶሮ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየች ከመልቀም አትመለስም። አምስተኛ፣ ከሌላ ዶሮ ቤት የወጣ ጉዝጓዝ ወይም እንዲህ ያለ ጉዝጓዝ የተጫነበት ማዳበሪያ በምንም ዋጋ አይግዛ። ፈንግልን የመሰለ በሽታ በዚህ መንገድ ከቤት ወደ ቤት ሊዛመት ይችላል።

ስለ ኖራና አመድም አንድ ቃል። ወለሉ ሲሸት በረጠበው ጉዝጓዝ ላይ ኖራ መነስነስ የተለመደ ነው። ኖራ ግን ከእርጥብ ኩስ ጋር ሲገናኝ አሞኒያውን ገፍቶ ያወጣዋል እንጂ አያስረውም፤ ለጥቂት ቀናት ሽታው ይብሳል። አመድም ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። የኖራ ትክክለኛ ጊዜ አሮጌው ጉዝጓዝ ተዝቆ ወለሉ ከተጠረገ በኋላ፣ አዲሱ ከመግባቱ በፊት ነው። አመዱ ደግሞ በአንድ ጥግ በሳጥን ቢቀመጥ ዶሮዎቹ እየተንከባለሉበት ቅማላቸውን ያራግፉበታል። የረጠበን ወለል መፍትሔው ቀላል ነው። የተጋገረውን ክፍል በአካፋ አንሥቶ ማውጣት፣ ደረቅ መተካት፣ የሚያፈሰውን መጠጫ ማስተካከል፣ መስኮቱን መክፈት።

አሮጌው ጉዝጓዝም ቢሆን ባዶ እጅ አይሸኝም። ኩስ የጠጣ ፍቅፋቂና ጭድ ለአትክልት ማሳ የሚፈለግ ማዳበሪያ ነው። ትኩሱ ግን ተክል ያቃጥላል። ተከምሮ፣ እየተገላበጠ ለጥቂት ወራት መብሰል ይኖርበታል። ጭድና ገለባ ቶሎ ይበሰብሳሉ። ፍቅፋቂና ሰጋቱራ ይዘገያሉ። የጓሮ አትክልት ያለው ወይም አትክልተኛ ደንበኛ ያገኘ አርቢ ይህን ገቢ ከጉዝጓዙ ወጪ ላይ ይቀንስ።

መቼ ይገዛ?

ጭድና ገለባ በብዛትና በደረቁ የሚገኙት ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የአውድማ ወቅት ነው። ከዚያ በኋላ የከብት አርቢው ፍላጎት እየበረታ ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ ዶሮ አርቢው ጭድ ለመግዛት ከላም ባለቤት ጋር ይጋፋል። ፍቅፋቂውም ዝናብ ሲመጣ ደጅ እየተከመረ ይረጥባል። ስለዚህ የክረምቱን ጉዝጓዝ በበጋ ገዝቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ ያዋጣል። ቦታ የሌለው ቢያንስ የሳጥኖቹን ድርሻ ያስቀምጥ። ለመቶ ዶሮ የአራት ወር ክረምት የሳጥን ጭድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ማዳበሪያ ነው። በአንድ ግድግዳ ጥግ ተደራርቦ ይቀመጣል።

«ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል ያገራችን ሰው። ጉዝጓዝ ገዢ ግን የተረቱን ግማሽ ይገልብጠው። ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ለመኪና ኪራዩ እንዳለ ይሁን፤ እርጥቡን ግን ለሻጩ ትቶ ደረቁን ይግዛ።